ድንጋዩን ማን ይሸከም

አሥር አለቃ ይታያል ዘራፍ ሲል ከቢቸና እስከ ደጀን ያለ ውሻ ሁሉ ጭራውን ይሸጉጥ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ተኩስ አስተምሯል፤ ያስተማራቸው ሰዎች ቢሰለፉ ዓባይን ተሻግረው ይተርፋሉ። በዚያ ሁሉ ዘመን ከእጁ ሥር አንዲት ጥይት አላመለጠችም። እስካለፈው ማክሰኞ።

ማክሰኞ የእህል መጋዘን ጥበቃዎች ሥልጠናቸውን የሚጨርሱበት ቀን ነበር። ደንቡ የታወቀ ነው፤ ተኩስ ሲያበቃ አሠልጣኙ ራሱ እያንዳንዱን ክላሽ ከፍቶ፣ ውስጡን አይቶ «ባዶ!» ይላል። ከዚያ በኋላ ነው ሠልጣኙ ምላጭ ስቦ የሚያስረክበው። ይታያል ስድስቱን በወጉ ፈተሸ። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ሠልጣኞቹ «ጋሼ፣ አንድ ፉከራ! ለምርቃታችን!» ብለው ጮኹ።

ፉከራ ተለምኖ እምቢ የሚል ጎጃሜ ገና አልተወለደም። ይታያል ዘለለ፣ ፎከረ፣ ሜዳውን አንቀጠቀጠው። በዚያው ግለት የሰባተኛውን ሠልጣኝ የፋንታን ክላሽ በመዳፉ መታ አድርጎ «ባዶ!» አለና አለፈ። የጥይት ካዝናው ወጥቷል፤ አንዲት ጥይት ግን ውስጥ ቀርታ ነበር። ፋንታ ምላጩን ሳበ። ሰማይ የተቀደደ መሰለ። አጠገቡ የቆመው የሞጣው ሠልጣኝ አብዱራዛቅ ተረከዙን ይዞ ወደቀ።

እግሩ ተረፈ። የፋንታ እንጀራ ግን ሊቆረጥ ነው፤ ሪፖርቱ «በሠልጣኙ ጥንቃቄ ጉድለት» ተብሎ ተጻፈ። የሥልጠናው ኃላፊ ይታያልን ጠጋ ብሎ፣ «አንተ ብቻ ዝም በል፤ እሱ ይባረርና ነገሩ ይዘጋል» አለው። ይታያልም ከተወለደ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

እሑድ ለዕርቅ ወደ ሞጣ ወረዱ፤ ሽማግሌው መሪጌታ አካለ ወልድ፣ ፋንታና ይታያል። ጥፋተኛ ድንጋይ ተሸክሞ በተበዳይ ደጅ መንበርከክ አለበትና፣ ፋንታ ወፍጮ የሚያህል ድንጋይ በሚኒባሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«ጋሼ፣ ይች ትበቃለች ወይስ ትልቅ ልፈልግ?»

«ትበቃለች» አለ ይታያል በመስኮት እያየ።

«እርስዎ ባዶ ሲሉ ነው የሳብሁት። ቢሆንም ጣቱ የኔ ነው።»

ከአብዱራዛቅ ደጅ ሲደርሱ የሞጣ ሕዝብ እንዳለ ወጥቶ ነበር፤ የቀረ ቢኖር ገና ያልተወለደ ነው። ፋንታ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ተንበረከከ። የአብዱራዛቅ እናት ወይዘሮ ሀሲና ወጡ።

«ልጄን የመታኸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

ይታያል ከዚህ በላይ አልቻለም። ተወርውሮ ድንጋዩን ያዘ።

«አምጣ!»

«ይተዉ ጋሼ፣ የኔ ነው!»

«አምጣ አልሁህ፣ የኔ ነው!»

ወዲያ ሳቡት፣ ወዲህ ሳቡት። መሪጌታ አካለ ወልድ ጥምጥማቸውን ይዘው፣ «ኧረ በእመብርሃን! ሰው በድንጋይ ሲሻማ ዛሬ ገና አየሁ!» አሉ። ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ይታያል መንጭቆ ተሸከመና ተንበረከከ። ሳቁ ጸጥ አለ፤ የሚያውቁት ሁሉ የግማሽ ቀን ንግግር ጠበቁ።

«መፈተሽ የኔ ሥራ ነበር። አልፈተሽሁም» አለ።

ወይዘሮ ሀሲና ዝቅ ብለው ፊቱን አዩት።

«ለአላህ ብዬ እኔ ይቅር ብያለሁ። ለመሥሪያ ቤትህ ግን ይቺኑ ጽፈህ ትሰጣለህ። እንደገና ተፈትነህ እስክታልፍ ድረስም መሣሪያ ይዘህ ሰው ፊት እንዳትቆም።»

«እጽፋለሁ። ነገ ጧት…»

«ምን ነገ! ወረቀት አምጡለት!»

ድንጋዩ ጠረጴዛ ሆነ። ይታያል እንደ ተማሪ አጎንብሶ ጻፈ፤ እልልታው ቢቸና ድረስ ተሰማ። ፋንታ የሚስቅ ይሁን የሚያለቅስ አልለየለትም። አብዱራዛቅ በምርኩዙ እየዘለለ መጥቶ በይታያል ትከሻ ላይ አሾለቀ።

«ርቀቱን አልጻፉም እኮ፣ ጋሼ! ስንት ሜትር ላይ ነው የተመታሁት?»

ሰው ሁሉ ጆሮውን ቀሰረ። እንደ ልማዱ አጋንኖ አንድ መቶ ቢል የሚከለክለው አልነበረም፤ ሦስት መቶም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ይታያል ዋጠው።

«ሁለት» ብሎ ጻፈ።