አየር ላይ የቀረችው አውሮፕላን

«ንቀዪው አልኩሽ እኮ!» አሉ ኑርሁሴን፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ እሳቸው የሟች ወንድማቸው ክፍል በር ላይ ቆመዋል። «ሥዕል ባለበት ቤት መላኢካ አይገባም። የወንድሜን ዱዓ ልታስቀሪበት ነው?»

ኢስራ ከሶኬቱ ፊት ንቅንቅ አላለችም። ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ላይ ሻሽ ጣል ተደርጎበታል። በሻሹ ሥር ሟቹ አባቷ ሱሌማን በኮምፒውተር ጨዋታ ላይ ያቆማት አውሮፕላን ሰማይ ላይ እንደተገተረች ናት፤ ክንፏ ላይና ታች የተነባበረ፣ የጥንት የጦር አውሮፕላን። ሁለት ቀያይ የጠላት አውሮፕላኖች ከኋላዋ ደርሰውባታል። ጨዋታው ከቆመበት ሲለቀቅ መተኮሳቸው አይቀርም።

«ኧረ ይተዉኝ አጎቴ። ይሄ የድሮ ኮምፒውተር የተጫወቱትን አያስቀምጥም፤ ከጠፋ ጠፋ ነው። መጀመሪያ አውሮፕላኗን መሬት ላውርድለት።»

«ወይ ጉድ! ሐዘኑ አዞራት» አሉ ኑርሁሴን።

ቢያዞራትስ ማን ይፈርድባታል? ግን አላዞራትም።

ሱሌማንን ደሴ የሚያውቀው በፒያሳ ሬዲዮ ጠጋኝነቱ ነው። በወጣትነቱ ግን የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። አንድም ቀን በሮ አያውቅም፤ ሥራው ሌላውን መላክ፣ ከዚያ ቆሞ መጠበቅ። አንድ ጠዋት ሞተሯን በእጁ ፈትሾ የላካት አውሮፕላን ሳትመለስ ቀረች። እሱም እስኪጨልም ሜዳው ላይ ተገትሮ ዋለ። ይህን ለልጁ የነገራት አንዴ ብቻ ነው፤ ሁለተኛ አላነሳውም።

ከዓመታት በኋላ ከጅዳ የተመለሰ ጓደኛው ያንን በካሴት የሚጫን ጨዋታ ከነኮምፒውተሩ ሰጠው። ሱሌማን ሆዬ፣ ጠላት መታ አልመታ ደንታም አልነበረውም። አንስቶ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ መሬት ማውረድ ነበር ደስታው። ምሳ ቢቀርብ፣ እንግዳ ቢመጣ፣ አውሮፕላኗን ሳያወርድ አይነሳም።

ጁምዓ ዕለት ግን አየር ላይ አቁሟት ተነሳ።

«ኢስራዬ፣ ደረቴን ወጋኝ። እንዳታጠፊያት፣ መጣሁ» አለ።

እሷ ከሥራዋ ከኮምቦልቻ ልትጠይቀው መምጣቷ ነበር። ያኔውኑ ልቧ ከዳት። ሳያወርድ ተነስቷላ! ወደ ሆስፒታል የተሳፈሩበት ባጃጅ ከቧንቧ ውሃ ሰፈር ሳይወጣ ነፍሱ አለፈች።

አሁን በጦሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ነጎድጓዱ ሲያጉረመርም አምፖሉ ደብዘዝ ብሎ ተመለሰ። ሳሎን ውስጥ አንዷ ሴት «ያቺ አየር ላይ የቀረች ነገር ሌላ ሟች ሳትጠራ አትቀርም» ስትል ኢስራ ሰማቻት። አምፖሉ ደግሞ ደበዘዘ። መብራት ዛሬ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል።

ኢስራ አንድም ቀን አውርዳ አታውቅም። በሞከረች ቁጥር ትከሰክሳታለች፣ አባቷ ይስቃል። ዛሬ የሚስቅ የለም። በገዛ እጄ ብጥላትስ? ወላሂ፣ አባቷን ደግማ የምትገድለው መሰላትና ክፉኛ ፈራች።

ሻሹን ገፈፈችና ቁልፉን ተጫነች።

የሞተሩ ጩኸት ቤቱን ሞላው። በጦርነቱ ጊዜ ሰማይ ሰማይ ሲያይ የከረመ ሰው ይህን ድምፅ መች ይረሳል? ሳሎን ውስጥ «ያ አላህ!» ብሎ የተነሳም ነበር። ቀያዮቹ ተኮሱ። ከአውሮፕላኗ ክንፍ ጭስ ወጣ።

ኑርሁሴን ሶኬቱን ሊነቅሉ ዘለው ገቡ። እጃቸው ገመዱን ጨበጠ፤ ዓይናቸው ግን ቴሌቪዥኑ ላይ ቀረ። መሬቱ እየቀረበ ነው።

«ቀስ...» አሉ። «ቀስ በይ ልጄ። አብሽሪ።»

የጨዋታው መንጃ ዱላ፣ ጆይስቲኩ፣ በላብ እያዳለጣት ወደ ኋላ ሳበችው። አውሮፕላኗ መሬት ነካች፣ ነጠረች፣ ደግማ ነካች፤ እየተንገዳገደች ሄዳ የሜዳው ጫፍ ላይ ቆመች።

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ኑርሁሴን፣ ሳያስቡት። ገመዱን ለቀውላት ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ኢስራ ሶኬቱን ራሷ ነቀለችው። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ተሰብስቦ ነጥብ አከለና ጠፋ። ከጁምዓ ጀምሮ ሳይጠፋ የከረመው ኮምፒውተር ጀርባው ይፋጃል። መዳፏን አሳረፈችበት።

ከሳሎን «ዱዓ ሊደረግ ነው፣ ነይ እንጂ» ብለው ጠሯት። እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጇን አላነሳችም።