የካርሉንግ ጣሳዎች

ጉርመት ጣሳዎቹን ካርሉንግ ሸለቆ ባለው በረቱ አጥር ላይ ያንጠለጠለው ለተኩላ ብሎ ነበር። ባለፈው የብርድ ወራት ተኩላ ገብቶ ፍየሎቹን ሲፈጅበት፣ ከሸለቆው በላይ ካለው ጋራ ወዲህና ወዲያ ባዶ ጣሳ እየለቀመ ያክ ከሚሉት የደጋ በሬ ጸጉር በተፈተለ ገመድ ሰካቸውና በድንጋዩ ካብ ዙሪያ አሰራቸው። ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንኳኳሉ። ተኩላውም በዚያው ቀረ።

ያ ሁሉ ጣሳ ጋራው ላይ ምን ይሠራል ብሎ አልጠየቀም። የህንድም የቻይናም ወታደሮች ለቅኝት ይወጣሉ፣ በልተው ጥለው ይሄዳሉ፤ ወታደር መቼ ጽዳት ያውቃል። ሆን ብለው ከድንጋይ ሥር እንደሚተዉት፣ «እዚህ ድረስ መጥተን ነበር፣ መሬቱ የኛ ነው» ለማለት እንደሆነ የነገረው የለም። ለጉርመት ማን ምን ይነግረዋል? የህንድ ወታደሮች ኬሮሲን በጀርባው አሸክመው ዳገት ሲያወጡት ያውቁታል። ሽልማት ሲታደል የተጠራው ግን የመንደሩ ሹም የናምግያል ወንድም ነበር፣ አንድ ጀሪካን ያልተሸከመ።

አዲሱ የህንድ ሻምበል ሸለቆውን ሊያይ በመጣ ጊዜ ናምግያል ሊያስተረጉም አብሮት መጣ። ሻምበሉ የቆላ ሰው ነው፣ ብርዱ ከንፈሩን ሰነጣጥቆታል። አጥሩ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አንዱን ጣሳ አገላብጦ አየ። ፊቱ ተለወጠ።

«የቻይና ጽሑፍ ነው» አለ። «እዚህ ድረስ ገብተዋል። ስንት ጊዜ መጡ?»

ናምግያል ተረጎመለት።

«እነማን?» አለ ጉርመት።

«አንተ ሰውዬ፣ አትቀልድ። ማዶዎቹ ናቸዋ። ሰፍረው ነበር ወይ ነው የሚልህ።»

እኔ ነኝ ያመጣኋቸው ሊል አፉን ከፈተ። ግን ጋራውን ተሻግሮ ነው የለቀማቸው፤ መሻገር ክልክል ነው። እረኛው ቶንዱፕ የጠፋ ያክ ፍለጋ ተሻግሮ ማዶዎቹ ያዙት፣ ሲለቁት ደግሞ የራሱ ሰዎች ያዙትና ማን ላከህ አሉት። ዛሬም በር ሲንኳኳ ከግድግዳው ይለጠፋል።

«እኔ ፍየል ነው የማየው» አለ ጉርመት።

«እንግዲያው ፍየሎችህን እንጠይቃቸዋ» ብሎ ናምግያል ሳቀ። ሻምበሉ አልሳቀም። በረቱን ፎቶ አነሳ፣ ጥቂት ጣሳዎች ፈትቶ ኮሮጆው ውስጥ ከተተ፣ ሄደ።

ሚስቱ ያንግዞም ነገሩን ስትሰማ በሶ የምታሽበት እጇ ቆመ።

«ሂድና ንገራቸው።»

«ምን ብዬ? ድንበር ተሻግሬ ቆሻሻ ሰረቅሁ ልበል?»

«ካርሉንግን እንደ ሉምዶ ግጦሽ ቢዘጉትስ? ሉምዶን የኛ ነው የኛ ነው ሲባባሉ ለሁለቱም ዘጉት፣ የማን ከብት ተረፈ? ፍየሎቹ በረዶውን የት ያልፉታል?»

«ለመናገር ናምግያልን መለመን አለብኝ። በሱ አፍ ነው የምናገረው።»

«ለምነዋ። ምላስህ አይቆረጥ።»

አልሄደም። ነገ እሄዳለሁ ይላል፣ ሲነጋ የናምግያል ፈገግታ ይታየዋል፣ ይቀራል። የጦር መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ወደኔ ነው ብሎ ድንኳኑ ውስጥ ይገባል። ሰማይ ላይ እንደ ንብ የምትጮኸው ትንሿ አውሮፕላን በረቱ ላይ የዞረች ቀን እስኪመሽ አልወጣም። በመጨረሻ የሁለቱ ወገን መኮንኖች ድንበሩ ላይ ድንኳን ተክለው ሊነጋገሩ ነው የሚል ወሬ ሰማ። ፍርሃቱ ንቀቱን አሸነፈውና ናምግያል ደጅ ቆመ።

«ዘገየህ፣ ስብሰባው አልቋል» አለ ናምግያል፣ ነገሩን ሲሰማ። ፈገግ አላለም። ያ ነው ጉርመትን የባሰ ያስፈራው።

ናምግያል ሻምበሉ ጋ ይዞት ሄደ፤ ሻምበሉም ትርጉሙን እስከ መጨረሻ ሰማ። ከዚያ ጓንቱን አውልቆ ፊቱን በመዳፉ ያዘ።

«ጣሳዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርሁላቸው» አለ። «ሸለቆአችን ገብታችኋል አልኋቸው። ይክዳሉ ብዬ ነበር።»

«ካዱ?» አለ ናምግያል።

«የለም። ተያዩ፣ ከዚያ ትልቁ ሰውዬ፣ አዎ የኛ ናቸው አለ። ድሮም እንመጣለን፣ ሸለቆው የኛ ነው አለ። ማስረጃውን በእጄ ሰጠኋቸው። ከዛሬ ጀምሮ ካርሉንግ የሁለቱም ወታደር አይገባበትም። ከብትም አይገባበትም።»

«ጣሳዎቹ የኔ ናቸው» አለ ጉርመት።

ናምግያል ዝቅ ባለ ድምፅ ተረጎመው።

«ይህን ዛሬ ለበላዮቼ ብል እኔንም አንተንም ይበሉናል» አለ ሻምበሉ። «ለምን ተሻገርህ፣ ማን ላከህ ይሉሃል። እኔ አልሰማሁም። ሂድ ቤትህ።»

የመጀመሪያው በረዶ በወረደ ቀን ፍየሎቹ ማንም ሳይነዳቸው የካርሉንግን መንገድ ያዙ። ጉርመት ሮጦ የደረሰባቸው ሸለቆው የተዘጋበት፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ሽቦ ጋ ነው። ወዲያ ማዶ፣ ከሸለቆው ውስጥ፣ የቀሩት ጣሳዎች ተንኳኩ። ፍየሎቹ ጆሯቸውን አቆሙ፤ በረታቸው ነው የሚጠራቸው። መሪዋ ፍየል በሽቦው ሥር አንገቷን አሾለከች።

ጉርመት በወንጭፍ መታት። ሊመታት ሁለተኛ ሲያነሳ እጁ አየር ላይ ቀረ። በረዶው ቀጥ ብሎ ነበር የሚወርደው፣ ቀይዋ ጨርቅ እንኳ አትንቀሳቀስም። ነፋስ አልነበረም። ጣሳዎቹ ግን ይንኳኳሉ፣ አንድ ጥግ ላይ፣ ቀስ እያሉ።

የሚነካቸው ተኩላ ይሁን ሰው፣ ከእንግዲህ ገብቶ የሚያይ የለም። ፍየሎቹን በጀርባው እየገፋ መለሳቸው፣ ዓይኑን ከሸለቆው ሳይነቅል።