ለግሩቶዋ የመረጥኩት ሌንስ

ካሜራ ሻጩ ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም። ሱቁ ደጃፍ ላይ ቆሜ ትልቁን ሌንስ ወደ ሰማይ ደቅኜ ዳዊት እዘምራለሁ።

«እማዬ፣ ሰው እኮ እያየን ነው» አለችኝ ልጄ ሂስከ። ከተማ ድረስ በመኪናዋ ያመጣችኝ እሷ ናት።

«ይየን! እየሰረቅኩ ነው እንዴ?»

በእኛ አገር በፍሪስላንድ ቤተ ክርስቲያን መዝሙር ቀስ ተብሎ ነው የሚዘመረው። አንዱ አንጓ አልቆ ሌላው እስኪጀመር ሕፃን ያንቀላፋል። ግሩቶ የምንላት ባለ ረጅም እግር የሜዳ ወፍም ጫጩቶቿ ሣር ውስጥ ሳሉ ሰው ሲጠጋ፣ አናቱ ላይ እየጮኸች የምትዞረው ያንኑ አንድ አንጓ ያህል ነው። ሠላሳ ዓመት ሜዳ ለሜዳ ዞሬ ያየሁት ነው። ስለዚህ አንድ አንጓ ዘምሬ እስክጨርስ ክንዴ ካልተንቀጠቀጠ ሌንሱን እገዛዋለሁ፤ ከተንቀጠቀጠ ይቅርብኝ።

ግማሹ ላይ ተንቀጠቀጠ።

«ለዚህ እኮ ማቆሚያ አለው፣ እናቴ» አለ ሻጩ ባለ ሦስት እግር ብረት እየጎተተ። «ለወፍ ይኼ ትልቁ፣ ባለ ስድስት መቶ ሚሊ ሜትሩ ነው። የወፍ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ራሱ የያዘው ይኸንኑ ነው።»

«ጌርሎፍን ነው የምትለኝ? አምጣልኝ፣ ያንን ትንሹን።»

ጌርሎፍ ያለው ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ነው የሚሰነቀረው። አምና ሃርመን የሚባለው ጎረቤታችን ሣሩን ሊያጭድ ሲል፣ ግሩቶዬ ጫጩት አላት፣ ወፍ አጥኚዎች እግሯ ላይ ያሰሩላትን ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ ቀለበት በዓይኔ አይቻለሁ ብዬ ነገርኩት ለጌርሎፍ። ሰባት ዓመት ከአፍሪካ እየተመለሰች እዚያው ሜዳ የምትፈለፍል ወፍ ናት። እሱ ግን ማኅበሩ ፊት፣ «ዊትስከ፣ ዓይንሽ የመርፌ ቀዳዳም አያይ፤ ያየሽው መንገደኛ ወፍ ነው» አለና ሳቁብኝ። ሜዳው ታጨደ። ማታ ስሄድ ግሩቶዋ በታጨደው ሣር ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ ድምፅም አልነበራት። ዘንድሮ በዓይኔ ሳይሆን በፎቶ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለፈጣሪ ቃል ገባሁ።

ትንሹን፣ ባለ ሦስት መቶውን አነሳሁት። አንጓውን ዘመርኩ፣ ጨረስኩ፣ ሁለተኛውን ጀመርኩ። ክንዴ ጸጥ አለ።

«ግን ወፏ ትንሽ ሆና ነው የምትወጣው» አለ ሻጩ።

«ና ውጣ» አልኩት። ከሱቁ ፊት ባለው ቦይ ላይ የባሕር ወፎች ይዞራሉ። በትልቁ ሌንስ ስፈልጋቸው ሰማይ ብቻ አየሁ፤ ወፉን ሳገኘው ጣሪያ ተሻግሯል። በትንሹ ግን ገና ሳነሳው ክንፉ ገባልኝ፣ ተከተልኩት፣ ሲታጠፍም አብሬው ታጠፍኩ።

«እኔ የያዝኳት ትንሽ ወፍ፣ አንተን ካመለጠችህ ትልቅ ወፍ አትሻልም?»

ሻጩ ሳቀ፤ ሂስከም ሳቀች። «ጠቅልልላት፣ አትችላትም» አለችው።

ሃርመን ሰኞ ሊያጭድ ነው። ደግ ሰው ነው፤ «ቀለበቷ የሚነበብ ፎቶ አምጪልኝ፣ ያን በኩል ሦስት ሳምንት አልነካውም» ብሎኛል። ጌርሎፍ ይኼን ሲሰማ ደወለልኝ።

«እሁድ ከሰዓት ጥሩ ፀሐይ ነው። እኔ በስድስት መቶዬ አነሳታለሁ፤ አንቺ ወንበር ይዘሽ ነይ።»

«እሁድ የጌታ ቀን ነው።»

«ጌታ በወፍ ፎቶ አይቆጣም፣ ዊትስከ።»

«ጠይቀኸው ታውቃለህ? እኔ ቅዳሜ ጠዋት ነው የምሄደው።»

ቅዳሜ ስደርስ ቀድሞኝ መጥቷል፤ ለካ ሌሊቱን አላስቻለውም። ብረቱን ተክሎ፣ ሌንሱን እንደ መድፍ ሜዳው ላይ ደቅኗል። ሃርመን የሜዳው በር ላይ ተደግፎ ዳቦ በአይብ ይበላል።

«ያ ምንድን ነው፣ የሠርግ ካሜራ?» አለኝ ጌርሎፍ።

አጥሩን አልፌ ሁለት እርምጃ እንደገባሁ ግሩቶዋ ከሣሩ ውስጥ ተነሳች። እየጮኸች አናታችን ላይ መጣች። ጌርሎፍ መድፉን ወደ ላይ ሊያነሳ ቢል ብረቱ አልታጠፍ አለው፤ ተንበረከከ፣ አንገቱን ቀለሰ፣ ኋላ ሣሩ ላይ በጀርባው ተዘረጋ።

«የት ገባች? የት ገባች?» ይላል።

እኔ በሆዴ መዝሙሩን ጀምሬያለሁ። በበረራ ላይ እግሯ ከጅራቷ ኋላ ስለሚዘረጋ ቀለበቱ አይለይም፤ የምታወርደው ልታርፍ ስትል ነው። ስለዚህ ጣቴን አላቸኮልኩም። ዞረች፣ ዞርኩ። አንጓው ሊያልቅ ሁለት ቃል ሲቀረው የአጥሩ እንጨት ላይ ልታርፍ ክንፏን ገልብጣ እግሯን ዘረጋች። ያኔ ተጫንኩት፤ ካሜራው ተርተር አለ።

ክንዴ የተንቀጠቀጠው ከዚያ በኋላ ነው።

ሃርመን እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ ካሜራውን ተቀበለኝና ፎቶውን አየው። «ቀይ፣ ቢጫ፣ ቀይ።» ጌርሎፍ ከሣሩ ተነስቶ መነጽሩን አደረገ። ካሜራውን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

«ትንሽ ናት» አለ።

«ቀለበቷስ?»

«… ይነበባል።»

«እንግዲያው አምና ያየሁትም እሷን ነበር። ይኼን ማኅበሩ ፊት ትናገራለህ፤ ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።»

ጌርሎፍ ብረቱን መንቀል ጀመረ። ሃርመን ወሬም አላበዛ፤ ከትራክተሩ የቀርከሃ እንጨት አምጥቶ ከእንጨቱ ወዲህ አይታጨድም ለማለት ከቦይ እስከ ቦይ ተከለ።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስንዘምር ቀኝ ትከሻዬ ይጠዘጥዘኝ ነበር፤ ቢሆንም ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። ሰኞ ሃርመን ወዲያኛውን ሜዳ ሲያጭድ በእንጨቶቹ በኩል ሄድኩ፣ ካሜራም አልያዝኩ። ግሩቶዋ ከሣሩ ተነስታ ልክ እንደ ጠላት አናቴ ላይ ጮኸችብኝ።

«ጩሂ» አልኳት። «ጩሂ፣ የኔ እመቤት።»