አፍ ያለው ግድግዳ

ሞገዱ ወላጆቹ ያወጡለት ስም አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ሲያስተምር፣ የድምፅና የብርሃን ሞገድ ምዕራፍ ላይ በደረሰ ቁጥር ጠመኔው እጁ ላይ እስኪያልቅ ስለሚያብራራ ተማሪዎቹ የለጠፉበት ቅጽል ነው። ቅጽሉ ከክፍል ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈር ደግሞ ቤቱ ድረስ ተከተለው። ሚስቱ ሳትቀር በዚያው ትጠራዋለች።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ዓመት ሚስቱ ጆሮው እንደ ከዳው እርግጠኛ ሆነች። ልብስ ሰፊ ናት። ከስፌት መኪናዋ ሳትነሣ «ክሩን!» ስትለው «በሩንማ ዘጋሁት» ይላታል።

«ጆሮህን ታየው፣ ሞገዱ።»

«ጆሮዬ ምን ሆነ? ሰው ነው አፉን ከፍቶ መናገር የተወው!»

በዚህ ሲጨቃጨቁ ከርመው አንድ ማለዳ ረታችውና እያጉረመረመ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ጤና ጣቢያው ገና ቀለሙ ያልደበዘዘ ሕንጻ ነው። የመጠበቂያ አዳራሹ ወለል እብነ በረድ፣ አንድ ጎኑ መስታወት፣ ጣሪያው ራቁቱን የቆመ ኮንክሪት። ነርሷ ቁጥር ስትጠራ ግን ድምፅዋ ተንከባልሎ ይሄድና፣ ተመልሶ ራሱን ይረግጥና፣ ሕዝቡ ጋ የሚደርሰው «ሳ... ሳ... ሳ» ብቻ ነው። ሠላሳ የያዘውም ሃምሳ የያዘውም እኩል ብድግ ይላል። አንድ አዛውንት ተራቸው ሁለቴ አልፏቸው ከዘራቸውን ተደግፈው ተክዘዋል።

የሞገዱም ተራ አለፈ። «ለካ እውነቷን ኖሯል» ብሎ ሆዱ ባባ። ዞር ሲል ግን አጠገቡ ያለች ወጣት አንገቷን አስግጋ «ምን አለች?» ብላ ጠየቀችው። ደስ አለው! ተነሣና አዳራሹ መካከል ቆሞ አንዴ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከመስታወት ወደ ጣሪያ፣ ከጣሪያ ወደ ኋላ ግድግዳ እየተላተመ ቆየ። ሰው ሁሉ አፍጥጦ አየው።

«ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ነበር የምሰማው፤ ይሄኛው አፍ ነው ያለው» አለ።

ነርሷ ከጠረጴዛዋ ብድግ አለች። «ሞገ... ይቅርታ፣ ቲቸር! እርስዎ ነዎት?» ተማሪው ነበረች። ጉሮሮዋ ሻክሯል፤ ከረፋድ በኋላ ድምፅዋ እንደሚዘጋ ነገረችው። «ይበልጥ በጮኽኩ ቁጥር ይበልጥ አይሰሙኝም።»

«እንዴት ይስሙሽ? ድምፅሽ የሚውጠው ነገር አጥቶ ይነጥራል። ቀለሙ ሳይደርቅ እላዩ ላይ ሌላ ቃል እንደ መጻፍ ነው። ተዪው፣ መላ አለኝ።»

መላው ግድግዳው ላይ አንሶላ መስቀል ነበር። ሚስቱ ወደምትሰፋበት ሱቅ ሄዶ ሲነግራት መቀሷን አስቀመጠችና ከልቧ ሳቀች።

«አንሶላ? ድምፅ አንሶላ መኖሩንም ሳያውቅ ነው የሚያልፈው! እዚህ ሱቅ ውስጥ ጮኸህ ታውቃለህ?»

ሞገዱ ዙሪያውን አየ። የካፖርት ጨርቅ ጥቅልል እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። አጨበጨበ፤ ጭብጨባው እጁ ላይ ሞተ። ሃያ ዓመት የተመላለሰበት ሱቅ እንዲህ መሆኑን ልብ ሳይለው ኖሯል።

«ወፍራምና ሻካራ መሆን አለበት፤ ብዙ እጥፋት ያለው» አለች ሚስቱ።

«ከግድግዳውም አንድ ጋት ፈቀቅ ይላል» አለ እሱ።

ችግሩ ከደንበኞች ልብስ የተረፈው የካፖርት ጨርቅ ቁርጥራጭ ሁሉ ተገጣጥሞ ቢሰፋ እንኳ ከአራት መጋረጃ የማይበልጥ መሆኑ ነበር። የት የት ይሰቀል? ሞገዱ ሁለት ቀን ወረቀት ላይ መስመር ሲያሰምር ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አንዲት ደንበኛ ልብሷን ልትለካ መስታወት ፊት ስትቆም፣ ከተቀመጠበት ሆኖ ፊቷን መስታወቱ ውስጥ አየው። ዘሎ ተነሣ።

«መስታወትሽን አውሺኝ!»

ጤና ጣቢያው በሚዘጋበት ቀን ሦስቱ አዳራሹ ውስጥ ተገናኙ። ነርሷ ቦታዋ ተቀመጠች፤ ሞገዱ የታካሚ ወንበር ላይ። ሚስቱ መስታወቱን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቀስ እያለች ታንሸራትታለች።

«ትንሽ ወደ ቀኝ... አየኋት! ምልክት አድርጊ!»

«ድምፅ በጆሮ እንጂ በዓይን ይፈለጋል እንዴ?» አለች ሚስቱ በልብስ መስፊያ ጠመኔዋ ግድግዳውን እያሰመረች።

«ብርሃን ፈጣን ነው፣ ድምፅ ቀርፋፋ፤ ብርሃን አየር አይፈልግም፣ ድምፅ ያለ አየር ወይም እንደ አየር ያለ ተሸካሚ ንቅንቅ አይልም። ግድግዳ መትተው ሲመለሱ ግን ሕጋቸው አንድ ነው፤ በመጡበት ዘንበል ልክ ይመለሳሉ። ፊቷ ለዓይኔ የታየበት ቦታ፣ ድምፅዋ ነጥሮ ጆሮዬ የሚገባበት ነው።»

«እንዲህ ብታስተምር ኖሮ እኔም ፊዚክስ እማር ነበር።»

ከወንበር ወንበር እየተዘዋወሩ ምልክቱን ጨረሱ። ምልክቶቹ አራት ቦታ ላይ ተሰብስበው ስላገኟቸው ሞገዱ እንደ ልጅ ፈነደቀ።

መጋረጃዎቹ በተሰቀሉ ማግሥት ነርሷ ከወንበሯ ሳትነሣ፣ ጎረቤቷን እንደምታዋራ ሁሉ፣ «ሠላሳ» አለች። አንድ ሰው ብቻ ተነሣ። ተራቸው ያልፋቸው የነበሩት አዛውንት በዚያ ቀንም ለቀጠሯቸው መጥተው ነበር፤ በመጀመሪያው ጥሪ ገቡና በሩ ላይ ዞረው «ተባረኪ፣ ልጄ፤ ዛሬ በደንብ ተናገርሽ» አሏት።

ሞገዱም ተራው ደረሰና ተመረመረ። ሐኪሙ ቀጫጭኖቹ ድምፆች ከቀኝ ጆሮው እንደ ራቁ፣ ግራው ግን ገና ደህና እንደሆነ ነገረው። ሚስቱ ውጭ ስትጠብቀው አጎንብሶ መጣ።

«ማን ረታ?» አለችው።

«ግድግዳውም አጥፍቷል፤ ጆሮዬም አጥፍቷል።»

ከት ብላ ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። በቀኙ ቆማ የነበረችው ዞራ በግራው በኩል ክንዱን ያዘች። የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ የመጋረጃዎቹን ወሬ ሰምቶ ጠዋት ሱቅ መጥቶ፣ የንባብ ክፍላቸው እንደ ወፍጮ ቤት እንደሚጮህ እንዳማረረ ነገረችው። ሁሉንም፣ አንድ ቃል ሳያመልጠው፣ ሰማት።

«መቼ እንሂድ?» አለ።