ክፍሉን ሁለት ጊዜ የለበሰ ድምፅ

...ታዲያ ክፍሉን የሚያርመው ይሄ የጫማ ካርቶን የሚያክል ነገር ነው፣ ይሄው፣ ትላለች በልቧ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣው ዙሪያውን እየቃኘች፣ ከፊቱ አንድ ክብ ቁልፍ፣ ከኋላው ቀዳዳ በቀዳዳ፣ ሬዲዮውም እሱ፣ ከስልክ ዘፈን ተቀባዩም እሱ፣ አምፕሊፋየሩም እሱ፣ ሁሉን ነኝ ባይ፣ ከጎኑ የተቀመጠው የአባቷ አምፕሊፋየር ግን ሁለት ሰው የሚያነሳው፣ ሲበራ የሚያጉረመርም፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሥራ ብቻ የሠራ ሽማግሌ ነው፣ ድምፅ ማጉላት፣ በቃ። ባለሱቁ እስከ ሰኞ ሞክሪው ብሏታል፣ ከወደድሽው አሮጌውን ታመጪልኛለሽ፣ አሮጌ ዕቃ የሚሰበስብ ደንበኛ አለኝ። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ እናቷ ጓዳ ልብስ እየተኮሰች ነው።

ክፍል ደግሞ ምኑ ይታረማል። ግድግዳ ግድግዳ ነው። እንዲህ ብላው ነበር ባለሱቁን፣ እሱም እንደ ለመደ ሰው፣ እህቴ፣ አንቺ የምትሰሚው ዘፈኑን ብቻ መሰለሽ፣ ግማሹን የሚያወራው ክፍሉ ነው፣ ጥጉ ወፍራሙን ድምፅ ይይዝና ያሳብጠዋል፣ ይሄ ዕቃ ያፏጫል፣ በማይክሮፎኑ መልሶ ያዳምጣል፣ ክፍሉ የሚጨምረውን ያውቅና አስቀድሞ ይቀንሰዋል፣ አላት፣ እሷም እዚያው ገባት፣ ሃያ ሁለት ዓመት መነጽር ቤት ሌንስ ስትሞርድ የኖረች ሰው እንዴት አይገባት፣ እኛስ የሰውን ዓይን መች እንነካለን፣ ዓይኑ የሚያጣምመውን ያህል ብርሃኑን አስቀድመን ወዲያ እናጣምምለታለን፣ ሰውየውም አየሁ ይላል። እዚያ መነጽር ቤት ሠራተኞቹ ስለምትጮህባቸው ጄኔራሏ ይሏታል፣ ከጀርባዋ፣ ታውቃለች፣ አይከፋትም፣ አባቴን መስዬ ነው ትላለች።

ማይክሮፎኑ ጣት አይሞላም። ስልኳ፣ ማይክሮፎኑን ከጆሮዎ ትክክል ያስቀምጡ፣ ይላታል፣ አንቱ እያለ፣ ጨዋ ዕቃ ነው፣ የአባቷ ወንበር ላይ መጽሐፍ በመጽሐፍ ቆልላ ታቆመዋለች፣ ቁልፉን ትነካለች። ፉጨቱ መጀመሪያ ፉጨት አይመስልም፣ ከወለሉ ሥር የሚመጣ ማጓራት ነው፣ ቁምሳጥኑ ውስጥ ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ፣ ከዚያ ይቀጥናል፣ ይቀጥናል፣ እንደ ክር ሆኖ ይጠፋል። ምንድን ነው እሱ የሚያቃስተው? እናቷ ናት፣ ከጓዳ። ክፍሉን እየለካ ነው እማዬ። በሜትር አይለካም? አምስት ደቂቃ ዝም በይልኝ እማዬ። እሺ። ፉጨቱ እንደገና፣ ግማሽ ላይ ሲደርስ እናቷ ታስላለች፣ ስልኩም፣ ጫጫታ ተሰምቷል፣ እባክዎ እንደገና ይጀምሩ፣ ይላል፣ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። እስትንፋሴንም ላቁመው? ትላለች እናቷ፣ ቀልድ ነው፣ ግን እናቷ እሷን ስታናግር ቀልዷ ውስጥ አንድ የታጠፈ ነገር አለ፣ ስድስት ዓመት ሆነው፣ እንደታጠፈ ነው።

ሰባት ቦታ አዘዋውሮ ለካ። አለቀ። ስዕሉ ወጣ።

አንድ መስመር ነው፣ ሜዳ ሜዳውን ይሄድና ወፍራሙ ድምፅ ያለበት ጋ ሲደርስ ድንገት ይነሳል፣ ጉብታ፣ ደህና አድርጎ የተነሳ ጉብታ፣ እና ቤታችን ይሄ ነው? አርባ ዓመት አብሮን ሲኖር፣ በላዩ ስናወራ፣ ስንሳደብ፣ ስንስቅ፣ ማንም ጉብታ አለ ያለ የለም፣ ሁላችንም ትንሽ ትንሽ ወፍረን ነው የኖርነው። ጣቷን በመስመሩ ላይ ትነዳለች፣ ደስ ይላታል፣ ለምን ደስ እንዳላት አታውቅም፣ የማይታይ ነገር ሲታይ ሁልጊዜም ደስ ይላታል።

አሁን ምን ላጫውትበት? ዘፈን አይሆንም፣ ዘፈኑ መጀመሪያ እንዴት እንደነበረ በምን አውቃለሁ፣ ቅጂ ታረመ የሚባለው ዋናው ሲታወቅ ነው፣ ይሄ የአባቷ ሕግ ነው፣ አባቷ የማተሚያ ቤት አራሚ ነበር፣ ሥራውን ቤት ድረስ ይዞ የሚመጣ፣ አሠራሩም የራሱ ነበር፣ አብሮት የሚያነብ ረዳት ስላልነበረው የእጅ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ካሴት ላይ ያነበዋል፣ ምልክቱን ሁሉ ሳይቀር፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ድርብ ሰረዝ፣ አራት ነጥብ እያለ፣ ከዚያ ካሴቱን ከፍቶ እየሰማ ዓይኑን የታተመው ወረቀት ላይ ያደርጋል፣ ጆሮው ዋናውን፣ ዓይኑ ቅጂውን፣ አንዲት ፊደል አታመልጠውም ይባል ነበር። እሱ የሞተው እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ነው። የቀረው አሥራ አራት ካሴት ነው፣ ተረት የለበት፣ ምክር የለበት፣ የጨረታ ማስታወቂያ፣ የማሽን መመሪያ፣ የመንጃ ፈቃድ ደንብ፣ ሌላው ልጅ ዘፈን ሲይዝ እሷ የውሃ ፓምፕ ጨረታ በቃሏ ይዛ አደገች። የሚስቅ ይሳቅ።

በአሮጌው አምፕሊፋየር ውስጥ አባቷ ነጎድጓድ ነው። ድምፁ ከደረት ሳይሆን ከወለል ይወጣል፣ ቤቱን ይሞላል፣ አራት ነጥብ ሲል በር የዘጋ ይመስላል፣ እሷም አባቴ ብላ የምታውቀው ይሄን ነው፣ ቀና ተብሎ የማይታይ ሰው፣ ፎቶው ላይ አንገቱ ቀጭን፣ ትከሻው ጠባብ መሆኑ ምንም አይደል፣ ቀጭን ጄኔራልም አለ። እናቷ ግን ከስድስት ዓመት በፊት፣ እዚሁ ተቀምጠው፣ ይሄ እሱ አይደለም አለቻት፣ አባትሽ እንዲህ አልነበረም፣ ድምፁ እንኳን ሰው ሊያስፈራ ራሱ ፈርቶ ነው የሚወጣው፣ አለች፣ ልጇም ሳታስበው፣ ረስተሽዋል እማዬ፣ ድምፁን ረስተሽዋል፣ አለቻት። ባሏ ለሞተባት ሴት እንዲህ ይባላል? ተባለ። እናቷ ተነስታ ወጣች፣ ከዚያ ወዲህ ካሴት በተከፈተ ቁጥር ሥራ ያላት መስላ ወደ ጓዳ ትሄዳለች፣ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚተኮስ ልብስ አልጠፋም።

ቆይ። ቆይ እስቲ። ጉብታውን እንደገና ታየዋለች። ካሴቶቹ የተቀረጹት የት ነው? እዚሁ ክፍል፣ ይሄው ጥግ፣ ይሄው ጠረጴዛ ላይ፣ ስለዚህ ያኔ ድምፁ እነዚህን ግድግዳዎች አንዴ መትቶ፣ ጉብታውን ተሸክሞ ካሴቱ ውስጥ ገባ፣ ዛሬ ደግሞ ካሴቱ ሲከፈት እዚያው ጥግ ካሉት ስፒከሮች ወጥቶ እነዚያኑ ግድግዳዎች እንደገና ይመታል፣ ጉብታ በጉብታ ላይ፣ ክፍሉን ሁለት ጊዜ ለብሷል ማለት ነው፣ መነጽር ላይ መነጽር እንደ ደረበ ሰው፣ እና እሷ ናት የሌላውን ሰው ሌንስ ስትሞርድ የምትውለው። አንዱ ቢወልቅስ? የዛሬው ክፍል ቢወልቅ የሚቀረው የያኔው ብቻ ነው፣ ማለትም እሱ ተቀምጦ ሲያነብ፣ እዚያ በር ላይ ቆሞ ለሚያዳምጠው ሰው እንደሚሰማው። በር ላይ ቆማ የምታዳምጠው ማን ነበረች? እማዬ።

ጉጉት ይዟታል፣ ካልዋሸች ፍርሃትም ይዟታል፣ እናቷ ልክ ከሆነች እኔ የማን ልጅ ሆኜ ነው ይሄን ሁሉ ዓመት ሰው ላይ ስጮህ የኖርኩት፣ እናቷ ከተሳሳተች ደግሞ አንዲት አሮጊት ባሏን መርሳቷን በማሽን አስመሰከርኩ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ጄኔራል። ዕቃውን ሸክፎ ሰኞ መመለስም ይቻላል፣ ማንም ለምን አይላትም። ግን አንዴ ልወቅ ያለ ሆድ መች ይተኛል፣ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ፣ እንዲህ እያለች እጇ ከአዲሱ ዕቃ ጋር ያገናኘችው ማጫወቻ ውስጥ ካሴቱን ከትቶ ጨርሷል።

ስልኩ ላይ፣ እርማት፣ የሚል ምልክት አለ፣ ሲነካ ይበራል፣ ሲነካ ይጠፋል። መጀመሪያ ሳታበራው። ተጫራቾች የሚያቀርቧቸው የውሃ ፓምፖች፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ከዚህ በታች የተዘረዘሩትን መመዘኛዎች ማሟላት ይኖርባቸዋል፣ አራት ነጥብ። ነጎድጓዱ። ሰላም አባዬ። ትነካዋለች፣ ወለሉ ዝም ይላል፣ እና አንድ ሰው እዚያ ጥግ ቁጭ ብሏል፣ ድምፁ ቀጭን፣ ትንሽ በአፍንጫው የሚወጣ፣ ትንፋሹን ሲስብ የሚሰማ፣ ወንበሩ ሲንቋቋ፣ ወረቀቱ ሲገለጥ፣ ነጠላ ሰረዝ ሲል ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ታጠፋዋለች፣ ነጎድጓድ፣ ታበራዋለች፣ ሰውየው፣ ማን ነው ይሄ ሰውዬ? ማሽኑ ቆራርጦ አሳንሶት ቢሆንስ፣ እሱ አባቴን የት ያውቀዋል፣ የሚያውቀው ግድግዳውን ብቻ ነው። ምስክር ያስፈልጋል። ምስክሯ ጓዳ ናት፣ የተቀየመች ምስክር፣ እማዬ ነይና ባልሽን ለይልኝ ይባላል?

ካሴቱ እየሄደ ነው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን በቃሏ ታውቀዋለች፣ ንባቡን አቋርጦ እናቷን የሚጠራበት ቦታ ነው፣ መነጽሩን ይጠይቃታል፣ ከዚያ ዝምታ፣ ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያ እሱ አንዴ እህ ይልና ወደ ጨረታው ይመለሳል። በነጎድጓዱ ውስጥ ጥያቄው ትእዛዝ ነበር፣ ዝምታው የእናቷ ፍርሃት፣ እህ ማለቱ ንቀት፣ እንዲህ ብላ የተረጎመችው ራሷ ናት፣ በልጅነቷ፣ ማንም አልነገራትም። እርማቱን ልታጠፋው ጣቷ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንደበራ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ነጠላ ሰረዝ፣ የዋጋ ማቅረቢያውን በታሸገ ፖስታ፣ እ፣ ሸጋዬ፣ ሸጋዬ፣ መነጽሬን አየሽው?

ይሄ ትእዛዝ አይደለም፣ ይሄ አሁንም ጠፋብኝ ብሎ የሚያፍር ሰው ነው፣ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ራሱ የሚያውቅ፣ ሳቁን የያዘ...

"አቤት።"

ከጓዳ ነው። ካሴቱ አይደለም። ካውያ ሲቀመጥ ይሰማል።

"ግንባርህ ላይ ነው፣ ስንቴ ልንገርህ።"

እህ፣ ይላል ካሴቱ፣ እየሳቀ፣ በታሸገ ፖስታ ማቅረብ ይኖርባቸዋል፣ አራት ነጥብ።

ዝምታው ልክ ይሄን ያህል ነበር። አልረዘመ፣ አላጠረም። የያኔው መቅረጫ ጓዳ ድረስ አልሰማም ነበር እንጂ እማዬ መልሳለታለች፣ ሁልጊዜም መልሳለታለች፣ ማንም ማንንም አልፈራም፣ መነጽሩ ግንባሩ ላይ ነበር፣ ሁለቱም ስቀው ነበር፣ እና እኔ በዚች ዝምታ ላይ አንድ ሙሉ አባት ሠራሁ፣ እሱን መስዬ ኖርኩ፣ በእሱ ሰው አስፈራራሁ፣ እሷን በእሱ አዋረድኳት። ታፍራለች፣ ደስታም አለበት፣ የትኛው የት እንደሚጀምር አታውቅም።

እናቷ በሩ ላይ ቆማለች፣ ግማሽ የታጠፈ አንሶላ ክንዷ ላይ ነው፣ ወንበሩን ታያለች፣ ወንበሩ ላይ መጻሕፍትና ያቺ ትንሽ ማይክሮፎን ናቸው ያሉት፣ ምን እንዳለችና ለማን እንዳለችው ቀስ እያለ ፊቷ ላይ ሲገባት ይታያል፣ አሁን ትሄዳለች፣ አሁን ተመልሳ ጓዳ ትገባለች፣ ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር በዪ፣ በዪ እንጂ።

"እማዬ፣ አንቺ አልረሳሽውም። እኔ ነኝ ያላወቅኩት።"

እናቷ ዓይኗን ከጥጉ አልነቀለችም፣ በሩ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ቀስ ብላ ትቀመጣለች፣ አንሶላውን ጭኗ ላይ ታደርጋለች፣ አንድ ጣቷን ወደ ልጇ ታነሳለች።

"ዝም በይ" ትላለች በሹክሹክታ፣ "ሥራ ላይ ነው።"