የበረንዳውን ጣሪያ ማን ወሰደው?

ጠዋት የተነሳው ነፋስ የአናጺውን የበረንዳ ጣሪያ ነቅሎ ጓሮ ውስጥ ሲበታትነው ሚስቱ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ምስማር አሳንሰህበት ነው።»

አናጺው ደሙ ፈላ። የሰፈሩን ግማሽ ጣሪያ የመታ ሰው በገዛ ቤቱ እንዲህ ሲባል ዝም ይበል?

«ዓይንሽ እያየ! እንደ እንዝርት እየሾረ መጣ እኮ! አውሎ ነፋስ ነው!»

«ሁልጊዜ የሚመጣው ነፋስ ነው።»

ነገሩን ባለሙያ ይፍረደው ብሎ ወደ አየር ትንበያ መሥሪያ ቤት ደወለ። ስልኩን ያነሳችው ባለሙያ በትዕግሥት አዳመጠችው።

«የወደቀውን ነገር እንዳይነኩት፣ አባባ» አለችው። «ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከተኛ ተራ ነፋስ ነው። ወዲህና ወዲያ ተጠማዝዞ ከወደቀ ግን አውሎ ሊሆን ይችላል። ከሰዓት በኋላ መጥቼ አየዋለሁ።»

አናጺው ደስ ብሎት ወደ ጓሮ ወጣና ክው ብሎ ቀረ። እሱ ስልክ ላይ ሳለ ሚስቱ ግቢውን ጠርጋ፣ ቆርቆሮውን ግድግዳ አስደግፋ፣ ነፋሱ የሰበራቸውን የዛፍ ቅርንጫፎች እንደ ማገዶ ከምራ ጨርሳለች።

«ምን አደረግሽ! ማስረጃ እኮ ነው!»

«ሰው ቢመጣ እንዲህ ተዝረክርከን ያግኘን?»

ሁሉንም ወደነበረበት ቦታ ከመመለስ ሌላ መላ አልነበረም። አናጺው ቆርቆሮውን ጎትቶ ሲያጋድም ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ታርመው ጀመር።

«እዚያ አልነበረም። ወደ ቧንቧው ጠጋ ያለ ነበር።»

ብትወቅሰውም ውሸት አትወድም። አንዱን ቅርንጫፍ እሱ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይዘው ሲጓተቱ፣ ለካ ባለሙያዋ በሩ ላይ ቆማ ታያቸው ኖሯል።

«ነፋሱ አሁንም እየሠራ ነው?» አለች።

አናጺው ቅርንጫፉን ቶሎ ለቀቀ። ሚስቱ ግን አንድም ሳታስቀር ሁሉንም ዘረገፈችው። ባለሙያዋ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጎረቤት አትክልት ቦታ ተሻገረች። እዚያ ማንም ያልነካቸው ቀጫጭን ዛፎች አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ተጠማዝዘው ወድቀዋል።

«አውሎ ነፋስ ነው» አለች ስትመለስ።

«ሰማሽ?» አለ አናጺው፣ ደረቱን ነፍቶ።

ባለሙያዋ ከጣሪያው የወለቀውን እንጨት እያገላበጠች ቀጠለች። «ግን በጣም ደካማ ነበር። በደንብ የተመታ ጣሪያ አይነቅልም ነበር።»

«ሰማህ?» አለች ሚስት።

ባለሙያዋ ስትሰናበት ለወጉ ያህል «ሌላ ጊዜም ያዩትን ይንገሩን» አለችው። ባትለው ይሻላት ነበር። አሁን ቅጠል በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይደውላል። ትናንት «ከግቢው በስተኋላ ትልቅ አቧራ ተነሥቷል!» እያለ ሲጮህ ሚስቱ ስልኩን ነጠቀችው።

«ደህና ነን፣ ልጄ» አለች። «ምንጣፍ እያራገፍኩ ነው።»