ሁለቴ የተጻፈ ስም

አባቴ የመቃብር ድንጋይ ጠራቢ ነበር። እኛ አገር፣ ጃዋ ውስጥ ቱሉንጋጉንግ፣ እብነ በረድ ሞልቷል፤ የሚወደደው ድንጋዩ ሳይሆን ጽሑፉ ነው። አባቴ ዋጋ የሚጠራው በፊደል ነበር። ሐዘንተኛ መጥቶ የሟቹን ስም ሲነግረው በጣቱ አየር ላይ ይቆጥርና ሂሳቡን ይናገራል። ሦስት አራት ስም የደረደረ ሟች ቤተሰቦች ሲከራከሩት፣ «እኔ ምን ላድርግ? ስም ስታወጡ አታስቡበትም ነበር?» ይላቸዋል። ለእኛ ለልጆቹ ግን አንድ አንድ ስም ብቻ አወጣልን። ጊዮኖ፣ ንጋቲኒ፣ ላስትሪ፣ አለቀ። የአባት ስም የለ፣ የቤተሰብ ስም የለ። እሱም ቱሚጃን ብቻ ነበር፣ አባቱም እንደዚያው። በጃዋ መንደር ይኼ ብርቅ አይደለም። «ያሳጠርኩላችሁ ስትሞቱ እንዳትከስሩ ነው» እያለ ይቀልድብን ነበር።

መሐለኛዋ እኔ ነኝ፣ ንጋቲኒ። ገበያው በር ላይ ፔቸል እሸጣለሁ፤ የተቀቀለ ቅጠል ላይ የለውዝ ስጎ ማፍሰስ ነው ሥራዬ። እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ ስሜ አንሶኝ አያውቅም። አግብቼበታለሁ፣ ወልጄበታለሁ፣ ባንክ ደብተር አውጥቼበታለሁ። ያነሰው ለዚያ የስልክ አፕ ብቻ ነው። የአፑን ስም አልጠራውም፤ አፌ ይቆሽሽብኛል።

አባቴ ሲቀበር እንደ ወጉ ራስጌው ላይ እንጨት ተከልንለት። ድንጋዩ የሚቆመው ከሞተ በሺኛው ቀን ነው። ዕድሜ ልኩን ለሰው ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው በእንጨት ሥር ተኝቶ ማየት ያንገበግባል። ስለዚህ ሦስታችንም በየወሩ እያዋጣን፣ ሺኛው ቀን ሲደርስ ከራስጌ እስከ ግርጌ ሙሉ እብነ በረድ ልናለብሰው ተስማማን። ገንዘቡ በእኔ ስም ባንክ ተቀመጠ። ልብ በሉ፣ በእኔ ስም፤ አንዴ በተጻፈው።

ዒድ ላይ ተሰብስበን ስንበላ ነው ሄንድሮ የጀመረው። ሄንድሮ የታናሽ እህቴ የላስትሪ ባል ነው፣ ምላሱ ቅቤ።

«ምባክ ቲኒ» አለኝ። ምባክ ማለቱ ታላቅ እህትነቴን ማክበሩ ነው፤ ሲያከብረኝ መጠርጠር ነበረብኝ። «ይኼ ባንክ እኮ በየወሩ እየሸረፈ እየበላችሁ ነው። ቢትኮይን ግዙበት። ሺኛው ቀን እስኪደርስ ለመቃብሩ ጣሪያም ይተርፋል።»

«ጣሪያ ምን ያደርግለታል?» አለች ላስትሪ።

«ዝናብ አይመታውማ!»

ታላቅነቱን አክብረን ማስ የምንለው ወንድማችን፣ ማስ ጊዮኖ፣ የዶሮ አጥንት እየጋጠ ነበር። «እስቲ ይሞከር» አለ፣ ቀና እንኳን ሳይል። ሁሉም እሺ አለ። አሁን ብትጠይቋቸው አንዳቸውም የዚያን ቀን እዚያ አልነበሩም።

እዚያው ሳህኖቹ መሐል ሄንድሮ ስልኬን ተቀብሎ ቢትኮይን የሚሸጥበት አፕ ላይ ይመዘግበኝ ገባ። ስም ሲለው ንጋቲኒ ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ «የቤተሰብ ስም» የሚል ሳጥን መጣ። ባዶውን ሊያልፈው ሲል ሳጥኑ ቀላ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ቀላ።

«የላትም በለው» አልኩት።

«ምባክ፣ ይኼ እኮ ሰው አይደለም፤ አይሰማም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ሁለቴ እንጽፈዋለን። አንድ ስም ያለው ሰው ሁሉ የሚያደርገው ይኼንኑ ነው። ንጋቲኒ ንጋቲኒ።»

«የማን ልጅ ነሽ ሲሉኝ የራሴ ነኝ ልበል?»

ሁሉም ሳቀ። ሳጥኑም ደስ ብሎት አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ፊትሽን ክቡ ውስጥ አስገቢ፣ ዐይንሽን ጨፍኚ፣ ግለጪ፣ ወደ ግራ ዙሪ አለኝ አፑ። ዞርኩለት። ገንዘብ ይዞ ለሚመጣ በሩ ወለል ያለ ነው፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ተቀበለኝ። ወዲያው ማስገቢያ ብሎ ቆረጠ፣ መግዣ ብሎ ቆረጠ። ዋጋው ይኼ ነው ብሎ አሳይቶኝ፣ ስጫነው በሌላ ዋጋ ሸጠልኝ።

«ገበያ ነው ምባክ፤ ይዋዥቃል» አለኝ ሄንድሮ።

እኔ ገበያ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሳህኑ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ዋጋ የቀየርኩ ቀን፣ ስጎው ፊቴ ላይ ነው የሚደፋው። እዚያ ግን የሚደፋበት ፊት የለም። ያኔውኑ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ግን ሳህኖቹን ማንሣት ጀመርኩ።

እውነቱን ለመናገር ገንዘቡ አደገ። ሺኛው ቀን ሲቃረብ የአባቴ የሥራ ባልደረባ፣ እንደ አባት ፓክ የምንለው ፓክ ካሲራን፣ ቆንጆ ነጭ ድንጋይ መርጦ አስቀመጠልን። እኔም ገበያ ውዬ እጄን ታጥቤ፣ «ሽጠህ ወደ ባንክ ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። ስልኩ ትንሽ አሰበና መልስ ሰጠኝ። የባንኩ ደብተር የንጋቲኒ ነው፤ ገንዘቡ የንጋቲኒ ንጋቲኒ ነው። ስሞቹ ስለማይመሳሰሉ አይቻልም።

የሚያነጋግሩት ሰው ፈልጌ ስዳስስ ሊና የምትባል ተገኘች። ፈገግ ያለች ሥዕል ናት። ሊና ሰው ትሁን ማሽን እስከዛሬ አላውቅም፤ ሰው ከሆነች ያሳደጋት ይፈር።

«ውድ ደንበኛችን ንጋቲኒ ንጋቲኒ፣ ያጋጠመዎትን እንግልት እንረዳለን» ብላ ጻፈችልኝ። «እባክዎ መታወቂያዎን አገጭዎ ሥር ይዘው ፎቶ ይነሡ።»

ተነሣሁ። ብርሃኑ አነሰ አለች። ውጭ ወጥቼ ተነሣሁ። ጥላ ወድቆብዎታል አለች። ገበያ መሐል፣ ፀሐይ አናቴን እየበሳው፣ እጄ የለውዝ ስጎ እየሸተተ ተነሣሁ። «ቡ» እኛ ጋ እናት ማለት ነው፤ ቲማቲም ሻጯ አየችኝና፣ «ቡ ቲኒ፣ ምን ሰርቀሽ ነው እንደ እስረኛ የምትነሺው?» አለችኝ። ሊና ጭራሽ የራስ መሸፈኛዎን ያውልቁ አለችኝ። የመታወቂያዬ ፎቶ ራሱ የተሸፈነ ነው! የባሌ ወንድም ያላየውን ጠጉር ለማላውቃት ሥዕል ገልጬ ላሳይ? ያን ዕለት ምሳ አልወረደልኝም። የቀረውን ፔቸል ለዶሮዎቹ ደፋሁት።

በመጨረሻ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን መንግሥት ይመስክርልዎ አለችኝ። የመንደራችን ሹም ጥሩ ሰው ነው፤ ሥራውን ትቶ ተቀበለኝ፣ ደብዳቤውንም ራሱ ጻፈልኝ። ጽፎ ሲያነበው ሳቁ አፍኖት መጨረስ አቃተው።

«ንጋቲኒ ንጋቲኒ የምትባለውና ንጋቲኒ የምትባለው አንዲት ሴት መሆኗን… ኧረ ቡ ቲኒ፣ እኔ ራሴ ስጽፈው ሁለት ሆነሽ ታየሽኝ!»

«ሳቅ አንተ። የአባቴ ድንጋይ ነው የተያዘው።»

ሳቁን ዋጠ። አባቴን ያውቀው ነበር፤ የእናቱን ድንጋይ የጠረበለት እሱ ነው። ማኅተሙን አሳርፎ ከሥሩ ስሙን ጻፈና ፈረመ፤ ሱራጂ።

ሊና መለሰችው። «የፈራሚው ሙሉ ስም አልተሟላም።»

ይኼን ሳነብ ደሜ ፈላ። ሙሉ መንደር በአንድ ስም የሚያስተዳድር ሰው ለሥዕሏ ጎደለባት። አንድ ነገር እኮ ባይሆን አይሆንም ይባላል። እነዚህ ግን ውድ ደንበኛችን እያሉ፣ ልብና አበባ እየላኩ ነው የሚገፉህ። ያቅለሸልሻል።

ማስ ጊዮኖ ማታ ማታ እየመጣ ደጃፌ ላይ ይቆም ጀመር።

«ቲኒ፣ ወጣ?»

«አልወጣም።»

«ካሲራን ድንጋዩን ለሌላ ሊሰጠው ነው። እንጨት ሥር ሊቀር ነው አባታችን?»

«እስቲ ይሞከር ያልከው አንተ አይደለህ?»

«እኔ? እኔ እየበላሁ ነበር!»

ከዚያ በኋላ ማነጋገሩን ተወ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ከገንዘቡ ይልቅ የጎዳኝ ይኼ ነው። በልቶብኝ ይሆን እንዴ የሚል ዐይኑን አይቻለሁ።

ሊናን ለመንኳት። የምታስቢው የቤተሰብ ስም የለኝም፣ አባቴም አልነበረውም፣ ብዬ ጻፍኩላት። «ውድ ደንበኛችን፣ የቤተሰብ ስም እንደሌለዎት ለማረጋገጥ የአባትዎን መታወቂያ ይላኩ» አለች። የሞተ ሰው መታወቂያ እኛ ጋ አይቀርም፤ የሞት የምስክር ወረቀቱ ሲወጣ ተመልሷል። ያለኝ ያው የምስክር ወረቀቱ ነው። ቱሚጃን ይላል፣ አንዴ፣ ከነማኅተሙ። ከዚህ የበለጠ ምን ማስረጃ አለ ብዬ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።

ያን ቀን መልሱ ፈጠነ። ፔቸል እየጠቀለልኩ ስልኩ ጮኸ። የምትነድ ሻማ ሥዕል አለበት።

«በውድ ደንበኛችን በንጋቲኒ ንጋቲኒ ዕረፍት የተሰማንን ጥልቅ ሐዘን እንገልጻለን። የላኩልን የሞት ማስረጃ ተቀባይነት አግኝቷል። የሟች ሂሳብ ለጥበቃ ሲባል ተዘግቷል። ወራሾች ማመልከት ይችላሉ።»

ደግሜ አነበብኩት። ከሥሩ ደግሞ «ጓደኛዎን ይጋብዙ፣ ይሸለሙ» ይላል። ያን ሁሉ ወረቀት፣ ያን ሁሉ ፊት አልቀበልም ያለ ማሽን፣ የመጀመሪያ የተቀበለኝ ማስረጃ ሞቴ ሆነ።

አልሞትኩም ብዬ ጻፍኩ። «የሟች ሂሳብ መልእክት መላክ አይችልም» አለኝ። ሄንድሮ እየተቅለሰለሰ መጣና፣ ልጅሽ ወራሽ ነኝ ብሎ ያመልክት አለ። ሱራባያ ከተማ ያለው ልጄ ዘመናዊ ነው፤ አባቱ ሦስት ስም ነው ያወጣለት፣ ዲማስ ራንጋ ሰቲያዋን። እናቱ በሕይወት እያለች እናቴ ሞታለች ብሎ ሞላ። መልሱ መጣ። የወራሹ የቤተሰብ ስም ከሟቿ የቤተሰብ ስም ጋር አይመሳሰልም። ሟቿ ንጋቲኒ ናት፤ ልጁ ሰቲያዋን።

ሄንድሮን ከቤቴ አስወጣሁት። «ምባክ፣ ሌላ የተሻለ አፕ አለ…» እያለ ነው የወጣው።

ሺኛው ቀን ደረሰ። የተመረጠው ነጭ ድንጋይ ለሌላ ሟች ሄዷል። ላስትሪ ጉትቻዋን አውጥታ ሰጠችኝ፣ እኔ የገበያውን ይዤ መጣሁ፣ ማስ ጊዮኖ ሳያየኝ የድርሻውን ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ለሙሉ መቃብር አይበቃም። ለራስጌ የምትሆን አንዲት ድንጋይ ብቻ ናት የምትገዛው። ፓክ ካሲራን በጣቱ አየር ላይ ቆጠረ፣ ልክ እንደ አባቴ።

«ይበቃል» አለ። «ስሙ አጭር ነው፤ ይተርፋችኋልም።»

አባቴ ሲቀልድ ሰማሁት። አልሳቅሁም፤ ፊቴን አዞርኩ።

ከዱዓው በኋላ እንጨቱን ነቅለን ድንጋዩን አቆምን። ትንሽ ናት፣ ግን ቀጥ ብላ ቆማለች። ቱሚጃን። ማስ ጊዮኖ አጠገቤ መጣ። ካኮረፈኝ ጀምሮ የመጀመሪያው ነበር።

«ከዚያኞቹ ምን ተባለ?»

ስልኬን ከፍቼ ሰጠሁት። አነበበ፣ ሻማዋን አየ፣ እኔን አየ። ገንዘቡ አሁንም እዚያው ስክሪን ላይ ተቀምጧል፤ ይወጣል ይወርዳል። ወንድሜ ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት፤ በልታብናለች ያለበት ሐሳብ ሲያሳፍረው። ስልኩን መሬት ላይ ሊወረውረው ነበር፣ እጁን ያዝኩት።

«ተወው። እኔ እዚያ ውስጥ አንዴ ሞቻለሁ» አልኩት። «በእውነት የሞትኩ ቀን ግን አደራህን ማስ፣ ስሜን አንዴ ብቻ ጻፉ።»